በአባቴ ስም የወጣው ጽሑፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ዊንተር ነው። አሁንም ከሕንጻው ኩባንያ የመጣ ፖስታ ቶሎ መክፈት አልችልም። ለዚህ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

እኔና አባዬ የምንኖረው ውጭ አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር፣ አንድ የቆየ የኪራይ ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ደረጃ ያጸዳል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ ማሞቂያውን ይቆጣጠራል። ቤቱም የተሰጠን ከሥራው ጋር ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ሄደ ማለት ነው።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ያለ ሳንድዊች ፋብሪካ ገባሁ። ኮሌጅ ግቢ ይሉኛል፤ ቁጭ ብሎ መማር አልችልበትም። ቅዳሜና እሁድ ካሚላ የምትባል ልጅ ከጎኔ ትሠራለች። ወላጆቿ ከኮሎምቢያ ናቸው፣ እሷ ኮሌጅ ትማራለች። አንድ ቀን ብሬክ ላይ እየሳቀች መጣች። የላቲን አሜሪካ ልጆች የሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ መንግሥት ፖሊሲ እንዲጽፉ ዕድል የሚሰጥ ፕሮግራም ተቀብሏታል። የምትጽፈው ስለ ኪራይ ቤቶች ማሞቂያ ነው፤ የከተማው አስተዳደር ሰዎችም ያነቡታል አለችኝ። ከዚያ የእናንተስ ሕንጻ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። የሕንጻው ማናጀር ሙቀቱን ዝቅ አድርገው እያለች አባዬን እንደምታዘው፣ ኢንስፔክተር የሚመጣ ቀን ግን ከፍ እንደምታስደርገው ዘከዘክኩላት። ስሜን እንዳትጽፊ አልኳት። አልጽፍም አለች።

ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሊንኩን ላከችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩት። ጎበዝ ናት፣ አሳምራ ነው የጻፈችው። መሃል ላይ ስደርስ፣ "ዌስተን የሚኖሩት ደምሴ እንደነገሩኝ" ይላል።

ደምሴ አባዬ ነው። ሕንጻው ውስጥ ትልቅ ትንሹ ደምሴ እያለ ነው የሚጠራው።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ኮል አደረግኩላት። ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

"የቤተሰብ ስምሽን ብቻ እኮ ነው የጻፍኩት፣ ማን ያውቅሻል?" አለች።

እነሱ ጋ ሎፔዝ ብዬ ብጣራ ግማሹ ሰፈር ነው የሚዞረው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ደምሴ የአባቴ የራሱ ስም እንደሆነ ስነግራት ማልቀስ ጀመረች። ስሙን በዚያው ቀን አስጠፋችው። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ወጥቷል።

ለአባዬ ልነግረው አልቻልኩም። ሁለት ቀን ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን፣ አባዬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮ እንዲመጣ የሚል የማናጀሯ ወረቀት በራችን ላይ ተለጥፎ አገኘን። ምን ፈልጋ ይሆን እያለ ጃኬቱን ለበሰ። ላስተርጉምልህ ብዬ ተከተልኩት።

ሊፍት ውስጥ ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ነበር። አላየኝም፤ የሚያየው የፎቁን ቁጥር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ፣

"ከነገርሻት ውስጥ ውሸት አለበት?" አለ።

"አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?"

"እንግዲያው አንቺ ዝም በይ።"

ማናጀሯ ጽሑፉን ፕሪንት አድርጋ ስሙን በቢጫ ቀለም አስምራበታለች። ይሄ አንተ ነህ ወይ አለችው። የተናገርኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት አባዬ በሥራ ጫማው እግሬን ረገጠኝ። አጥብቆ ነው የረገጠኝ።

"አዎ፣ ደምሴ እኔ ነኝ" አላት፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው።

ለዋናው ቢሮ አስተላልፋለሁ፣ መልሱ በፖስታ ይመጣል አለች። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው።

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሊፍቱ እኛ ፎቅ ላይ በቆመ ቁጥር በሩ ጋ ሄጄ አዳምጣለሁ። ፓስፖርቶቻችንን፣ ወረቀቶቻችንን፣ የሁለት ቀን ልብስ በአንድ ቦርሳ አድርጌ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። አባዬ አየው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የደም ግፊት መድኃኒቱን አምጥቶ ጨመረበት። የዚያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

ፖስታው ሲመጣ እሱ ቀደደው፣ እኔ አነበብኩት። ከእንግዲህ ሙቀቱ ቀንም ማታም አይቀነስም ይላል። ለሁሉም ተከራይ የተላከ ደብዳቤ ነው። ስለ አባዬ አንድ ቃል የለበትም። እስከ ዛሬ ተባረሃል ያለው የለም፣ ቀጥል ያለውም የለም። ማናጀሯ ኮሪደር ላይ ስታገኘን ፈገግ ትላለች። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ፈገግታ ነው።

ካሚላ አሁን ሁለተኛ ጽሑፍ ተፈቅዶላታል፣ ሥራና ቤታቸው አንድ ላይ ስለተያያዘባቸው የሕንጻ ሠራተኞች። አባትሽን ላናግራቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጭራሽ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለአባዬ ነገርኩት። ራቱን እየበላ ነበር።

"ትጻፍ" አለ። "ብቻ አባት እንደሌለው ሰው ደምሴ ብላ አትተወኝ። ደምሴ ወልዴ ትበል።"

ይኸው ወር ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ለካሚላ አልነገርኳትም። ቦርሳውንም ከበሩ ሥር አላነሳሁትም።