ከጎተራዬ የወጣው የአዜብ ኮምፒውተር

ትናንት ጠዋት የሰበታ መንገድ ተከፈተ ሲባል አህያዬን ጭኜ ወረድኩ... ጭነቱ እህል አይደለም። ኮምፒውተር ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። «እንዲህ ብንለው አይሻልም አባባ?» እያለች ታስቸግረኛለች። ያልኩትን ጻፊ ብያታለሁ።

ኮምፒውተሩ የአዜብ ነው። አዜብ አስፋልት ዳር ሱቅ ይዛ ማመልከቻ የምትጽፍ፣ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ልጅ ናት። አገሯ ጎጃም ነው። ይሄ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጥቶ መሬታችሁ ሊሄድ ነው ሲባል፣ የሰፈራችንን አቤቱታ የጻፈችልን እሷ ናት። የተናገርኩትን ጽፋ መልሳ አነበበችልኝ፤ አንድ ቃል አላለዘበችም። የዚያን ቀን ወደድኳት።

ከዚያ ነገሩ ጋለ። ጎማ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ ሱቅ ይሰበራል፣ ተኩስ ይሰማል... እኔ መሬቴን አልሰጥም። የአዜብ ሱቅ ግን መሬቴን አልወሰደም። ስለዚህ ሄጄ «ልጄ፣ ዕቃሽን አምጪ» አልኳት። ስክሪኑን ቤቷ ወሰደች፣ ትልቁን ሳጥን በጆንያ ጠቅልላ ለኔ ሰጠችኝ።

«አደራ ኦቦ ቶላ፣ እንጀራዬ እሱ ነው።»

እኔን አደራ ካሉኝ አለቀ። ጎተራዬ ውስጥ አስገባሁትና ከላዩ ጤፍ አፈሰስኩበት። ማንም መጥቶ ቢፈትሽ ከጤፍ ሌላ አያይም። ሁለት ሳምንት እዚያው ከረመ።

ትናንት ስመልስላት «አካም ቡልተን ኦቦ ቶላ!» ብላ በቋንቋዬ እንዴት አደሩ አለችኝና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሰካችው፣ በራ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የሰርግ ቪዲዮ ከፈተች። ሙሽሪት ከደረጃ ልትወርድ አንድ እግሯን አነሳችና... እዚያው ቀረች። ቆይታ አወረደችው። ሁለተኛውን አነሳች፣ ደግሞ ቀረች።

አዜብ ነካ ነካ አድርጋ አንድ ጽሑፍ አወጣች። የሙሽራው ወንድም ቪዲዮውን ሊወስድ መጥቶ፣ ሳጥኑ እኔ ቤት እንደከረመ ሰምቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ራሙ ስምንት ጊጋ ነው ይላል፤ የሚሠራው ግን በአራቱ ብቻ ነው። ግማሹ የት ሄደ?»

«ራም ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ቦታ ነው አባባ፤ እንደ አውድማ በሉት» አለችኝ አዜብ። «አውድማው ሲጠብ ሥራው ይጓተታል።»

አውድማ ስትለኝ ገባኝ።

ሰውዬው ግን እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ሁለት ሳምንት ሰው ቤት ከርሞ ግማሹ ቢጎድል ምን ይገርማል? ራም እኮ ተነቅሎ ይሸጣል» አለ።

ሰማችሁ? እኔን! ዱላዬን ጨበጥኩ።

አዜብ ቀደመችኝ። «ወንድሜ፣ ቪዲዮህን በፍላሽ ልስጥህና ሌላ ቤት አሠራ። ኦቦ ቶላን እያማህ እዚህ አትቀመጥም!» አለችው። ወደኔ ዞራ ደግሞ፣ «ተዉት አባባ፣ በአራቱም እሠራለሁ» አለችኝ።

«ምን ሲደረግ! እኔ ግማሽ አደራ አልመልስም። እዚሁ ፍቺው። እሱም አይሄድም፣ ቆሞ ይይ!»

መርካቶ ኮምፒውተር የሚጠግን ወንድም አላት። ኢንተርኔቱ ቢዘጋም ስልኩ ይሠራልና ደወለችለት። «አጥፍተሽ አብሪው» አላት። ያው አራት። «ዊንዶውሱ ሠላሳ ሁለት ቢት ከሆነ ከአራት አያልፍም፣ እዪው» አላት። አየችው፤ ስልሳ አራት ነው። «ቅንብሩ ላይ ራሙን የሚገድብ ምልክት ተደርጎ እንደሆነ አጥፊው» አላት። ምልክትም የለም። «እንግዲያው ከመብራቱ ንቀዪና ክፈቺው» አለ።

ብሎኑን ስትፈታ፣ ልዋሽ እንዴ... ፈራሁ። ቤቴ ብዙ ሰው ገብቶ ይወጣል። አንዱ ነክቶት ቢሆንስ? በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ተብዬ ሰበታ ላይ እንዴት እሄዳለሁ?

ክዳኑ ተነሳ። ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ሁለቱም አሉ!» አለች አዜብ። «አራት አራት ናቸው። አልተነኩም!»

ሰውዬው ጫማውን ማየት ጀመረ።

አንደኛው ሰሌዳ ግን በአንድ ወገን ብድግ ብሏል። ነቅላ መሰኪያውን በብሩሽ ጠረገችው፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ከብሩሹ ላይ የሆነች ነገር አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጤፍ! የራሴው ነጭ ጤፍ!

«ኦቦ ቶላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጤፍ አፈሰሱበት እንዴ?»

«ታዲያ ምን ላፍስበት? ባቄላ?»

በስልኩ ውስጥ ያለው ወንድሟ ሳይቀር ሳቀ። ጤፍን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጆንያ አያቆመውም። አህያዋ ስታንገጫግጨው ሰሌዳው ላልቷል፣ ጤፏም ከሥሩ ገብታለች። «ሰሌዳው ሲቆጠር አለሁ ይላል፣ ሥራ ላይ ግን የለም» ብሎ ወንድሟ አስረዳን። እንዲህ ያለ ሰው እኔም ሰፈር አለ።

አዜብ ጫፉን በላጲስ ፈትጋ፣ ቀጥ አድርጋ አስገብታ፣ ቀጭ እስኪል ተጫነችው። አበራችው። ስምንት! ሙሽሪትም ሳትቆም ደረጃውን ጨርሳ ወረደች።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን ይህን ያጻፍኩት ስለ ጤፉ አይደለም። ጊዜው ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ሆኗል። ያቺ ልጅ ሳጥኑ ተከፍቶ ሳይታይ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ ደንበኛዋን አስቀይማ ለኔ ቆመች። ብሎኑ ከተፈታ በኋላማ ማንም ያምናል። ገለቶሚ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ፣ ሱቅሽን ይጠብቅልሽ።

ሰውዬውም ሲወጣ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብሎኛል... እያሰብኩበት ነው።