ሳትሞት የተቀመጥንላት ለቅሶ

ሰው ሁሉ «እሰራት» ይለኝ ነበር። ሚስቴን ነው። የቦንጋው ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ብቻዋን አትተዋት ብሎ ሸኝቶናል። መናገሩማ ቀላል ነው። ልጆቻችን ሩቅ ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ዞር ካልኩ ነጠላዋን አንስታ «አባቴ ቤት» ብላ ወደ ትውልድ ቀዬዋ በሚወስደው በደካ መንገድ ትወጣለች። አባቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ። አንዳንዴ ባለባጃጆች ይመልሱልኛል፣ አንዳንዴ ጫካ ዳር ተቀምጣ አገኛታለሁ።

ያን ዓመት ቡናዬ ቀልቶ ይረግፍ ጀመር። ቀሪውን ጦጣ ይበላዋል። ካልለቀምኩት የምንበላው የለም። ለመልቀም ደግሞ ወይ እሷን ማሰር ነው፣ ወይ ቤቱን ከውጭ መቆለፍ። ከብት አይደለችም፣ አላስርም አልኩ።

እሁድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ሄድኩ። ስለ ድንኳኑ መቀደድ ሲከራከሩ ቆዩና ተራው ሲደርሰኝ ተነሣሁ።

«ሚስቴ ስትሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

የዕድሩ ዳኛ ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እንደ ደንቡ ነዋ! ድንኳን እንተክላለን፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ለቅሶ እንቀመጣለን።»

«እሱን ለቅሶ አሁን ስጡኝ። ስትሞት አትምጡ።»

መጀመሪያ ሳቁ። አንዷ «ሟርተኛ! በቁሟ ሊቀብራት ነው» አለች። ዳኛውም «ደንቡ ላይ የለም» አለ።

«ከሞተች ወዴት ትሄድብኛለች?» አልኩ። «ጠባቂ የምትፈልገው አሁን ነው። ያኔማ እኔም ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ምን ሥራ አለኝ?»

እምቢ ካላችሁ ቆሜ አድራለሁ አልኳቸው፤ አድርም ነበር። በመጨረሻ ጎረቤታችን ተነሡ፤ በዶሮ ምክንያት ከሚስቴ ጋር ተኳርፈው የኖሩ ሴትዮ ናቸው።

«ይኼ ሽማግሌ ችክ ካለ አይለቀንም» አሉ። «ነገ እኔ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። አንቺም፣ ሟርተኛ ያልሽው፣ ትመጫለሽ።»

በማግስቱ ሁለት ሦስት ሆነው ቆጮና ጎመን ይዘው መጡ። ለቅሶ ቤት እንደለመዱት ምንጣፍ አንጥፈው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ሌላ አመጣጥ አያውቁበትም። ሚስቴ አንዳቸውንም አላወቀችም፤ ግን መሀላቸው ገብታ ቁጭ አለች። በሩን ክፍት ትቼ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። የረገፈውን ከቅጠል እየለየሁ ለቀምኩ። ግማሹ ሻግቷል።

እንዲህ እየተፈራረቁ ሰነበቱ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስመለስ ከቤቴ ዋይታ ሰማሁ። ቅርጫቱን መንገድ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አፌ ገደላት አልኩ፤ ለምኜ ያመጣሁት ለቅሶ ነዋ።

ለካ የአክስቷ ልጅ ከደካ መጥታ ኖሯል። ዕድሩ እኔ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ ሲባል ገበያ ላይ ሰምታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ደረቷን እየመታች ትገባለች። ሚስቴ ሰው ሲያለቅስ ብታይ ጊዜ አብራ ጮኸች። ሴቶቹም አልቻሉም፣ ተከተሏት። እኔ ስደርስ እንግዳዋ ሟች ያለቻትን ከነነፍሷ አይታ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ጎረቤታችን «ኧረ ዝም በሉ፣ አልሞተችም!» ይላሉ፣ እሳቸውም እያለቀሱ።

ሚስቴ ብቻ አላቆመችም። በሩ ላይ ስቆም ዕንባዋን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ስትሰድበኝም ስታመሰግነኝም አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

«ለሟች ምናቸው ነዎት?» አለችኝ።

«ባሏ ነኝ» አልኳት።

«እግዜር ያጽናዎት» አለችና ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።