የአባቴ ስም በሩሲያኛ

ከጎንደር የወጣሁት ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ አቶ መላኩ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆመው “ልጄ፣ የትም ብትሄድ ከነአባትህ ተጠራ” አሉኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኳቸው።

እስራኤል እንደገባሁ መዝጋቢዋ “የቤተሰብ ስም?” አለችኝ።

“ታደሰ መላኩ። ታደሰ እኔ፣ መላኩ አባቴ።”

“አባትህን አልጠየቅሁም፤ የቤተሰብ!”

“የኔ እመቤት፣ አባቴ ቤተሰብ አይደሉም?”

የአያቴን ስም አስጠርታ አባቴን ዘለለቻቸውና ታደሰ ገሠሠ ሆኜ ወጣሁ። ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው “ታዲያ እኔ የት ገባሁ?” አሉ። እሳቸው እዚያው ጎንደር እስራኤል ለመግባት ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ኑሮዬን ሐዴራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር አደረግሁ። ባሕሩ ቅርብ ነው ይሉናል፤ ሙቀቱ ግን መተማን ያስንቃል። መቼም በደርግ ጊዜ ኦዴሳ ተልኬ የተማርኩት ሩሲያኛ እዚህ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አላሰብኩም። ማዘጋጃ ቤቱ የሚደጉመው፣ የመንግሥትም የግልም ያልሆነ ጋዜጣ ነበር፤ ለጋሾች በእንግሊዝኛ የሚልኩትን ጽሑፍ ለሩሲያ ስደተኞች የሚተረጉምለት ሰው ይፈልጋል። አዘጋጁ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ወደ አማርኛ ማለትህ ነው?”

“ወደ ሩሲያኛ።”

“ቤኤሜት? የእውነትህን?”

ሞክሮኝ ቀጠረኝ። ለጋሾቹ “ኢምፓወርመንት” የሚሏት፣ አቅም ማጎልበት እንደማለት የሆነች ቃል አለች፤ እንደ ጨው የማትገባበት የለም። የእኔ ሩሲያኛ ደግሞ የካድሬ ሩሲያኛ ነው፤ “የሰፊውን ሕዝብ ክንድ ማፈርጠም” አልኳት። በእኔ ትርጉም የአረጋውያን የሹራብ ክበብ ሳይቀር ትግሉን አፋፍሞ ወደ ድል ገሰገሰ።

አንድ ቀን ራይሳ ቦሪሶቭና የሚባሉ የነቬ ሐይም ሰፈር አሮጊት ጋዜጣውን ይዘው ቢሮ መጡ። ልባረር ነው ብዬ ተነሣሁ።

“ይህን የጻፈው የሞስኮ ሽማግሌ የት አለ? ወጣትነቴን መለሰልኝ እኮ!”

“እኔ ነኝ” ስላቸው ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለጉ። ከዚያ ወንበር እስኪይዙ ድረስ ሳቁ።

“ስምዎ?”

“ታደሰ።”

“የአባትዎስ? የተከበረ ሰው ያለ አባቱ ስም ይጠራል እንዴ?”

ኦዴሳ ሳለሁ ተማሪ ስለነበርኩ እንዲህ ያከበረኝ አልነበረም። “መላኩ” አልኩ።

“እንግዲያው ታደሰ መላኮቪች!” አሉ፤ የመላኩ ልጅ ማለታቸው ነው።

እዚያው ቢሮ ሆኜ ወደ ጎንደር ደወልኩ። “አባዬ፣ ይስሙ” ብዬ ስልኩን ወደ አሮጊቷ አስጠጋሁት።

“ታደሰ መላኮቪች!” ብለው ጮኹ።

“ምን እያለች ነው ሴትዮዋ?” አሉ አባቴ።

“በእርስዎ ስም እየጠሩኝ ነው። ስምዎ ቀድሞዎት ገብቷል፣ አባዬ።”



“እስቲ” አሉ አባቴ፣ “ደግማ ትጥራህ።”