የሞርሳዬ አረንጓዴ ቀለም

2017 ዓ.ም. ነበር፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን የመጀመሪያው ፋሲካ ደርሷል። ባለቤቴ የበረንዳውን ብረት ግራጫ ቀብታ ስትጨርስ ቀለም ተረፋት። እሷ ደግሞ ቀለም ከተረፋት የማትቀባው ነገር የለም። የአበባውን ጣሳ ቀባች፣ የውሃውን በርሜል ቀባች፣ ከዚያ ብሩሹን እንደያዘች ወደ ሞርሳዬ ዞረች።

«እሷን እንዳትነኪ!» አልኳት።

ሞርሳ ማለት ብረት ነክሳ የምትይዝ መሣሪያ ናት፤ በርና መስኮት ስሠራ ሦስተኛ እጄ ነበረች። በወጣትነቴ አንድ ጋራዥ አሮጌ ነው ብሎ ሲጥላት፣ ዝገትና ግራሶ እንደጠጣች ተሸክሜ አመጣኋት። ክፍለ ሀገር ለሥራ ሄጄ ስመለስ አረንጓዴ ሆና ጠበቀችኝ። ባለቤቴ በናፍጣ አጠብኳት አለችኝ። እኔም ከዝገቱ ሥር የፋብሪካ ቀለሟ ወጣ ብዬ ፈነደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ቀለም ማለት ይህ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀም» እያልኩ ሳሳይ ኖርኩ።

«ጎረቤት ያያታል እኮ! ግራጫ ብትሆን ምን ይጎድልባታል?»

«የፋብሪካ ቀለም ነው አልኩሽ!»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ቅቢያት!»

በቃ፣ አፌ ነው የጣለኝ። ለዳኝነት ቂርቆስ የሚኖረውን ጓደኛዬን ጠራን። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሞርሳዋን እንደ ሐኪም ዞራት።

«የብሎኖቹ ጭንቅላት ሁሉ አረንጓዴ ነው። ፋብሪካ ቀብቶ ነው ብሎን የሚያስረው» አለ።

«ያኛው ፋብሪካ አስሮ ይቀባ ይሆናላ!»

«እዚህ የተጻፈውም ፊደል በቀለም ተደፍኗል።»

«እኔስ መች ፊደል በወጉ ቆጠርኩ? እሷም ይቅርባት!»

በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና ከቀለሙ ውስጥ አንድ የብሩሽ ፀጉር መዘዘ። «ይህስ? ፋብሪካው ፍየል ያረባ ነበር?»

ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። አንዱን ብሎን ፈታሁት። ጭንቅላቱ ካረፈበት ቦታ ላይ ክብ ሰማያዊ ወጣ፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ የብሩሽ መስመር የሌለው። የፋብሪካው ቀለም እሱ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ታዲያ ይህ አረንጓዴ ከየት መጣ?»

«ከበራችን! የካዛንቺሱን በር ስቀባ ተርፎኝ ነው። አንተ ‹የፋብሪካ ነው› ብለህ እንደ ሕፃን ስትዘል ምን ልበልህ?»

ጓደኛዬ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔ ሞርሳዋ ላይ ቀረ። በሩ ከነቤቱ ፈርሷል። ከቀለሙ የተረፈው እዚህች ብረት ላይ ያለው ብቻ ነው።

«እንግዲህ አትቀባም» አልኩ።

«አሁንማ የፋብሪካ አይደለም! ካልሆነ ቅቢያት ያልከው አንተ ነህ» አለች።

«እህቴ እውነቷን ነው፤ ፈርጄላታለሁ» አለ ጓደኛዬ።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እቀባታለሁ» ብላ ብሩሹን ናፍጣ ውስጥ ነከረችው።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ እንደወጣች ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩ። ከዚያ ብሩሹንና የተረፈውን ግራጫ ይዤ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩትን አሮጊት በር አንኳኳሁ። «ባለቤቴ ልካልዎት ነው፣ እማማ፤ ለበዓሉ በረንዳዎን ይቀቡበት» አልኳቸው።