ኮምፒውተሩ ፈቃድ ሲጠይቅ

አማን ከተማ፣ ሽሜሳኒ በሚባለው ሰፈር በሠራሁበት ቤት እንደዚያ ኮምፒውተር ያናደደኝ ነገር የለም። ምንጣፍ ማራገፍ አላናደደኝም። የበረንዳው አቧራ አላናደደኝም፤ የአማን አቧራ ጠዋት ጠርገሽው ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል፣ እሱንም ለምጄው ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ደሜን ያፈላው ነበር። ልንሠራበት ስንል ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ትወጣለች፣ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ፈቃድ ያስፈልጋል ትላለች። ከሥሯ «ቀጥል» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ከሁለቱ ሌላ ምንም መንካት አይቻልም።

ቤቱ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት አሮጊት ነበር። ሐጅ ያደረጉ ስለሆኑ ሁሉም «ሐጄ» ይላቸዋል። ከእኔና ከእሳቸው በቀር በቤቱ ሰው የለም። አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብታ ትኖራለች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ኮምፒውተሩን ከነካሜራው ገዝታ ሳሎን አስቀመጠችና «ስወልድ ልጄን በዚህ ታይያታለሽ፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ» ብላቸው ሄደች። ወለደችም፣ ሴት ልጅ። ሐጄ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ያቺን ሳጥን እንጂ የልጅ ልጃቸውን አላዩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማችየው በስልክ «በኮምፒውተር በኩል ሌባ ይገባል፤ የማታውቁት ነገር ፈቃድ ሲጠይቃችሁ እንዳትፈቅዱ» ብሎ አስፈራርቷቸዋል። የሚጠይቀው ማን እንደሆነ እኛ በምን እናውቃለን? እኔ የዐረብኛ ፊደል በልጅነቴ ወሎ፣ ቁርአን ቤት ተምሬያለሁ፤ ሳጥኗ ላይ ያለውን እያንተባተብኩም ቢሆን አነብላቸዋለሁ። የፕሮግራሙ ስም ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ለሁለታችንም ጨለማ። ሐጄ «ቀጥል» እንዳይሉ ሌባውን ፈሩ፤ «ሰርዝ» እንዳይሉ ደግሞ ሕፃኗን የሚሰርዟት መሰላቸው።

«እና ሐጄ፣ ምን ልበለው?»

«ዝም በይው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ። «ዝምታ እሺ ማለት ነው። እኛ በአፋችን አልፈቀድንም፤ ከገባም ኃጢአቱ በራሱ ነው።»

ዝም አልነው። ሁለታችን እጃችንን ሰብስበን፣ ሽማግሌ ፊት እንደቀረበ ሰው ቁጭ ብለን ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ ሳጥኗ ጠፋች፣ ስክሪኑ በራ። ሐጄ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ካሜራው ግን አልሠራም። እንደገና ከፈትነው፣ እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና ዝም አልነው። ልጃቸው በስልክ ደውላ «ማማ፣ የታላችሁ?» ስትል «እኛ ፈቅደናል፣ እምቢ ያለው እሱ ነው» ይሏታል። ዓርባችን እንዲህ ያልቃል። ቅዳሜ ጠዋት አቧራውን ስወለውልለት እሰድበዋለሁ።

የሚያናድደኝ ሌላም ነገር ነበረው። በዚያ አገር ለሁሉ ነገር ፈቃድ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ለመውጣት አስፈቅዳለሁ፣ ስልክ ለመደወል አስፈቅዳለሁ፣ ለመኖሬም ኢቃማ የሚባል ወረቀት ያስፈልገኛል። ቆሞ «ትፈቅጃለሽ?» ያለኝ ያ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝም እንድለው ታዘዝኩ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ከአገር ቤት ደወለ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ ለባል የሚሰጠኝም እሱ ነው። ከሰላምታው በኋላ የከተማችን አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሊያገባኝ ሽማግሌ እንደላከ ነገረኝ። «ደኅና ሰው ነው፣ ሶላቱን የሚሰግድ። ምን ትያለሽ?» አለኝ። ምን እላለሁ? በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ስለ ባል ስትጠየቅ «እሺ» ካለች ዐይን አውጣ፣ «እምቢ» ካለች ባለጌ ናት። ዝም አልኩ። ወንድሜም እንደ ወጉ ተረጎመውና «አላህ ይባርከው። ኒካሑ ከመውሊድ በኋላ ይታሰራል፤ አንቺ ባትኖሪም ወኪል ይቆምልሻል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሰውየውን አልጠላሁትም። በልጅነቴ ሳውቀውም ክፉ አልነበረም። ላገባው አልፈልግም ነበር፤ ይኸው ነው። የሐጄ ኮንትራቴ ሲያልቅ ማርካ የሚባል ሰፈር ከሚኖሩት የአገሬ ሴቶች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ በሰዓት እየሠራሁ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ በሬን በራሴ ቁልፍ ልከፍት ነበር ሐሳቤ። መውሊድ እየቀረበ ሲመጣ እህል አልወርድ አለኝ። ሐጄ «ታመምሽ?» ሲሉኝ «ደኅና ነኝ» እላለሁ። 

በመጨረሻ የሐጄ ትዕግሥት አለቀና ኮምፒውተሩ ከተገዛበት ሱቅ፣ ስዌይለህ ከሚባለው ሰፈር፣ ባለሙያ አስጠሩ። ዓርብ ሱቁ ዝግ ቢሆንም ለሐጄ ሲል መጣ። ወፍራም፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። ሻዩን ጠጣ፣ ካሜራውን ነካካ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ «ምንም አልሆነም እኮ» አለ። «እስቲ እንደምትከፍቱት ክፈቱት፣ ልይ።»

ከፈትኩት። ጨለመ፣ ሳጥኗ ወጣች። እኔና ሐጄ እንደ ልማዳችን እጃችንን ሰብስበን ተቀመጥን። ሰውየው ስክሪኑን አየ፣ እኛን አየ፣ ተመልሶ ስክሪኑን አየ።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ዝም እያልነው ነው» አሉ ሐጄ። «ዝምታ እሺ ማለት አይደለም?»

ሰውየው ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ወላሂ ሐጄ፣ እሱ ለኒካሕ ነው። ይህ እንዲህ ያለውን ነገር አያውቅም። ዝም ካሉት እምቢ አሉኝ ብሎ ይዘጋዋል። በግልጽ እሺ ካልተባለ ለእሱ እምቢ ነው።»

እሱ ይህን ሲናገር ሳጥኗ ጠፋች፤ ካሜራውም እንደ ሁልጊዜው አልሠራም። እኔ የሻይ ብርጭቆዎቹን ላነሣ ቆሜ ነበር። ትሪውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በግልጽ እሺ ካልተባለ እምቢ ነው። አንድ ዕቃ የሚያውቀውን እኔና ወንድሜ እንዴት አላወቅነውም አልኩ በልቤ።

ሰውየው እንደገና ከፈተና ስሙን አነበበልን። ስንፈራው የከረምነው የካሜራው የራሱ ፕሮግራም ነበር። የሐጄን ጣት ማውሱ ላይ አድርጎ «ቀጥል» የሚለውን አስጫናቸው። ጥቂት ቆይቶ ልጃቸው ብቅ አለች፣ ሕፃኗን ታቅፋ። የሕፃኗ አንድ እግር ባዶ ነው። ሐጄ መጀመሪያ ያሉት «ካልሲዋን አድርጊላት፣ ይበርዳታል» ነበር፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር እኔ ያለቀስኩት ለሕፃኗ አልነበረም።

ሰውየው ሊሄድ ሲነሣ «ከፈለጋችሁ ይህን ጥያቄ ላጥፋላችሁ» አለ። «ሁለተኛ አይጠይቃችሁም፤ ሁሉም ሳያስፈቅድ ይሠራል።»

ሐጄ ደስ አላቸው። «አጥፋልን፣ ኻላስ፣ በቃ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ «አይጥፋ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፤ በዚያ ቤት ሳልጠየቅ ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም። «ይጠይቀን ሐጄ። እኔ እመልስለታለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ ሐጄ አጠገባቸው አስቀመጡኝና «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ወንድሜን፣ ነጋዴውን፣ ዝም ማለቴን፣ መውሊድን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«እኔንም አባቴ ጠይቆኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን አየሁ። ሟቹ ደግ ሰው ሆነው ተገኙ፣ አላህ ይማራቸው። ዓመፀኛ ሆነው ቢገኙም ያው ምንጣፉን ነበር የማየው።» ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። «ያልወደደችን ሴት እሰሩ አይልም ዲኑም። ደውዪለት።»

ወንድሜ አነሣው። 

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዝም ያልኩህ እሺ ብዬ አይደለም። አፍሬ ነው። ሰውየውን አላገባውም።»

መስመሩ ጭር አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሐጄ አማርኛ አይሰሙም፣ ዐይናቸውን ግን ከፊቴ አልነቀሉም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ «ይቅር በለኝ፣ እንዳልክ» ብዬ እዘጋው ነበር። ልዘጋውም ምንም አልቀረኝ። ሳጥኗ ትዝ አለችኝ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ዝም ካልከኝ እሺ ብሎኛል ብዬ ነው የምወስደው።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሊይዘው ሞክሮ ያመለጠው ሳቅ መጣ። «አንቺ፣ እዚያ አገር ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ኮምፒውተር» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። «ሽማግሌዎቹን በምን አፌ እንደምመልሳቸው አላህ ይወቅ» አለ። «በቃ፣ ሰምቻለሁ። አታገቢውም።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስልኩን አስቀምጬ ለሐጄ «ኻላስ» ብቻ አልኳቸውና ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ ድንገት ነው የራበኝ። ከምሳ የተረፈ መቅሉባ ነበር፣ ያ ሩዙና ዶሮው ከደባርጃን ጋር የሚሠራው። ክዳኑን ከፍቼ በቆምኩበት በእጄ ከድስቱ መብላት ጀመርኩ። ሐጄ ተከትለውኝ መጥተው ኖሮ ከበሩ ላይ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ማንኪያ አቀበሉኝ።