ከማጂ በታች ነጫጭ ቢራቢሮችን መለየት

የቢራቢሮ ጥናት ሥራ በጀመርኩ ቀን መረብ፣ የወረቀት ፖስታዎችና የእጅ ማጉያ መነጽር ተሰጠኝ። የቡድናችን መሪ እትዬ ብርሃኔ ሚዛን ከተማ መኪና ከመሳፈራችን በፊት፣ "ቴፒ ምን ትሠራ ነበር?" አሉኝ።

"ቡና ለቀማ። ስለ ቢራቢሮ የተማርኩት ስልኬ ላይ ሥዕል እያየሁ ነው።"

ከአማን የመጣውን ታምሩን እያመለከቱ፣ "ሁለታችሁም ለሙከራ ናችሁ። ቋሚ የሚሆነው አንድ ሰው ነው፤ ከዚህ ጉዞ በኋላ እወስናለሁ" አሉ። ቋሚ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም። ቦታውን አጥብቄ ፈለግሁት።

ማጂን አልፈን ወደ ደረቁ ቆላ ወረድን። አገሩ እሾህና አሸዋ ነው። በብዛት የሚበሩት የክንፋቸው ጫፍ ብርቱካናማ የሆኑ ነጫጭ ቢራቢሮች ናቸው። የያዝኳቸውን ደማቆቹን ለብቻ፣ ፈዛዞቹን ለብቻ አደረግሁ። እጄ የለመደው ቀዩን እሸት ለቅሞ አረንጓዴውን መተው ነው።

እትዬ ብርሃኔ አገላብጠው አዩና መልሰው ቀላቀሏቸው። "ይህ ቡና አይደለም። ደማቁ በዝናብ ወራት የወጣ ነው፣ ፈዛዛው በበጋ። በሁለቱም ክምርህ ውስጥ ሁለት ዘር አለ። በል እንደገና!"

እኛ አገር ቴፒ ዝናቡ ብዙም አይጠፋም። የአንድ ዘር ቢራቢሮ መልክ ከወቅት ወቅት ይለያያል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አንዳንዶቹ በኋለኛው ክንፋቸው የታች ገጽ ላይ በረድፍ የተቀመጡ ትናንሽ ነጥቦች አሏቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። በፈዛዞቹ ላይ ነጥቦቹ ይሳሳሉ እንጂ ቦታቸውን አይለቁም። የመጀመሪያዎቹን ነጥቤ፣ ሌሎቹን ልሙጥ አልኳቸው።

"አሁን ገና ለየህ" አሉኝ እትዬ ብርሃኔ። ልዩነቱን ለታምሩም አሳዩት። "ነገ ግን ያለ መረብ ነው።"

በማግስቱ አንዷ እሾህ ላይ አረፈች፤ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች።

"ነጥቤ!" አለ ታምሩ ወዲያው።

"ነጥቡን አየኸው?"

"አበራረሯ ያስታውቃል፣ እትዬ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ?"

"ክንፏን ስታጥፍ እነግርዎታለሁ።"

ጠበቅን። ሙቀቱ በረታ። ታምሩ ሳቀ፤ "ቀበሌ ወስደን መታወቂያ እናስወጣላት እንዴ፣ ወንድሜ?" ቦታው ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ ቢሆንም ዓይኔን ከክንፏ አልነቀልኩም። ቢራቢሮዋ ክንፏን ሳታጥፍ ተነሥታ ሄደች።

"እንግዲህ ማን እንበላት?" አሉ እትዬ ብርሃኔ።

"ያልተለየች።"

"እኔም አልለየኋትም" አሉና መረባቸውን ሰጡኝ። ሚዛን ስንመለስ ቋሚ ሆንኩ።

ዛሬ አዲስ ገቢዎችን የማለማምደው እኔ ነኝ፤ የምላቸውም ይህ ነው፦ በእነዚህ ቢራቢሮች ላይ ቀለም የሚናገረው ወቅትን ነው። ዘር የሚለየው በክንፉ የታች ገጽ ነው፤ እሱን ካላያችሁ ስም አትስጡ።