አዳዳ ያልከፈቱት ቡፌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በጅማ ዙሪያ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ደረሰብኝ ማለቱም አያምርብኝም፤ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው። ግን የካቢኔት በር ጠቅ ብሎ ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ሥራዬ ደግሞ ይህን ድምፅ ሳልሰማ እንድውል አይፈቅድልኝም።

አዲስ አበባ የአውሮፕላን የውስጥ ዕቃ በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የበረራ አስተናጋጆች ኩባያ፣ ትሪና ማንቆርቆሪያ የሚያስቀምጡባቸው ካቢኔቶች አሉ። የእኔ ድርሻ የበሮቻቸውን መቀርቀሪያ መንደፍ ነው። "ይህን ሁሉ ተምረህ የቁም ሳጥን ቁልፍ ትሠራለህ?" እያለ የሚያሾፍብኝ ጓደኛ አላጣሁም። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መቀርቀሪያው ወደ ውጭ ከወጣ አውሮፕላኑ ሲናጥ ሰው ይጋጭበታል፣ ልብስም ይይዛል። በክርን ሲነኩት የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በሩ ውስጥ ይደበቃል፤ ሁለት ቦታ አንድ ላይ ካልተጫኑትም አይከፈትም።

አለቃዬ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ንድፍ ይዘንለት ስንገባ ግን አንድ ጥያቄ አይቀርም። "የፈራ ሰው እጅ ያገኘዋል?" ይላል። የሚጫኑበት ቦታ ላይ ምልክት የምናደርገውም ለዚሁ ነው። መቀርቀሪያው ድብቅ ቢሆንም ለሚፈልገው ሰው መጥፋት የለበትም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው እናቴ ቤት ስደርስ የተውኩት።

እናቴ የምትኖረው ጅማ ነው። በዚያ ሰሞን ለሳሎኗ አዲስ ቡፌ አሠርታ ነበር። ፈቃድ ወስጄ ስሄድ ለሙከራ ከሠራኋቸው መቀርቀሪያዎች አንዱን ይዤ ሄድኩ፤ አናጺው እጀታ እንዳይገጥምም ነገርኩት። በሩ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ሆነ። ምልክት አላደረግኩበትም። መልኩን ያበላሻል ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ሰው እንዲደነቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ተደነቀልኝም። ጎረቤት በገባ ቁጥር "እስቲ ክፈቱት" እላለሁ። ይዳብሳሉ፣ ይገፋሉ፣ በጥፍር ይሞክራሉ፤ አይሆንላቸውም። በመጨረሻ እኔ እጄን አሳርፍና ጠቅ ይላል። እናቴ "የኔ ልጅ የሠራው እኮ ነው" ትላለች። እንዲህ ያለ ቀን ሰውን ሳያስበው ያሳብጠዋል።

አዳዳ ሐሊማም ያን ጊዜ እኛ ቤት ነበሩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ከሊሙ ገነት ለሕክምና ሲመጡ የሚያርፉት እኛው ጋ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ በየቡናው ወቅት አንድም ዓመት ሳይረሱን የኖሩ ሴት ናቸው። አስም አለባቸው። ፓፍ የሚባለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ከቦርሳቸው አይለዩትም።

እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ቡፌውን ሞከሩት። እምቢ ሲላቸው እንደ ሰው ቤት በር አንኳኩና "አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰው አለ?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በስልኬ እየቀረጽኳቸው ነበር። "ኢልማ ኮ፣ በል አሳየኝ" አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። "ምስጢሩ ለባለቤት ብቻ ነው፣ አዳዳ" አልኳቸው። ሰው አሁንም ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ቦታቸው ተመለሱ። ማሳየቱ ምን ይጎዳኝ ነበር?

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ልትደርስ ስትነሣ ሳሎኑን አስተካከለች። ሶፋው ላይ የነበረውን የአዳዳን ቦርሳም አንሥታ ቡፌው ውስጥ አስገባችው። ስትወጣ ነግራቸዋለች። አከፋፈቱን በኋላ ያሳየኋቸው መስሏት ነው። እሳቸውም "እሺ" ብቻ አሉ። እንግዳ የሰው ዕቃ እንዴት እንደሚከፈት አይጠይቅም፤ አንዴ የተሳቀበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይጠይቅም።

አዳዳ ጓሮ ነበሩ። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ከሊሙ ያመጡትን ጀንፈል ዘርግተው ይለቅማሉ። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ስለሆነ አቧራው ብዙ ነው። ይተዉት ቢባሉም አልሰሙም።

እኔ በዚያ ሰዓት ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ጁስ ቤት ተቀምጫለሁ። አዳዳን የቀረጽኩበትን ቪዲዮ እያሳየሁት ነበር። አዳዳ ቡፌውን ሰላም ሊሉት ሲሉ ስልኬ ጮኸ፤ የእሳቸው ስም ነበር። ሙዝ ግዛልኝ ሊሉ ነው ብዬ አሰብኩና ቆረጥኩት። ቪዲዮውን ከቆመበት ቀጠልን፤ ጓደኛዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

የደነገጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዳዳ ደውለው አያውቁም። ልማዳቸው ሚስኮል ነው፤ አንዴ ያስጮሁና ይዘጋሉ፣ የሚደውለው ሌላው ነው። ያን ቀን ግን እስክቆርጥባቸው ድረስ አስጮሁት። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሡም። እንደገና ደወልኩ። ጓደኛዬን እንኳ ደህና ዋል ሳልል ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሳገኛቸው ቡፌው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደረታቸው ያፏጫል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንድ እጃቸው በሩ ላይ ነበር። አጠገባቸው ከወጥ ቤት ያመጡት ዘነዘና ተጋድሟል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ እንጂ ቃል አልወጣቸውም።

ሁለቱን ቦታ ተጫንኩ። ጠቅ አለና ተከፈተ። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። መድኃኒቱን አፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። ሳቡት፤ ግን በቂ አልነበረም። ወደ ደጅ ስሮጥ ያመጣኝ ባጃጅ ገና እያዞረ ነው። ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ገብቶ በአንድ በኩል ደገፈልኝ። መንገድ ሙሉ እኔ ራሳቸውን ይዤ፣ እሱ ክላክሱን ሳይለቅ ሆስፒታል ደረስን። እናቴ በኋላ "አላህ ሳይደግስ አይጣላም" አለች፤ ስለ ባጃጁ ነው።

ኦክስጅን ተደርጎላቸው ነፍሳቸው መለስ ሲል ሐኪሟ ለምን እንደቆዩ ጠየቀቻቸው። መድኃኒቱ እያለ እንዴት እዚህ ደረሱ አለቻቸው። እናቴም ነጠላዋን እየጎተተች ገና መድረሷ ነበር። አዳዳ ጭምብሉን ከፍ አደረጉና "የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ ነው" አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። እናቴ ስለ መርሳታቸው እየወቀሰቻቸው፣ እያለቀሰችም ጎናቸው ተቀመጠች። እኔ ዝም አልኩ። የሚያሳፍረኝ ዝምታው እንደተመቸኝ ነው።

እናቴ ዞር ስትል ዘነዘናውን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቅኳቸው። በዚያ ዘነዘና በሩ አንድ ምት አይችልም ነበር። "የእናትህ አዲስ ዕቃ፣ ያንተ የእጅ ሥራ" አሉኝ። "እንዴት ልስበረው?"

ልብሳቸውን ላመጣ ቤት ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው በሩን ያየሁት። በጀንፈል አቧራ የቆሸሸ የእጃቸው አሻራ ነጩ በር ላይ ሞልቷል። መጀመሪያ እጀታ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ደጋግመው፣ አንዱ በሌላው ላይ። ከዚያ በጎን፣ ከዚያ ከላይ። ከታች ደግሞ ተቀምጠው የሞከሩት፤ እዚያ ላይ ጣቶቹ ወደ ታች ተንሸራተዋል። አንዱ አሻራ ትክክለኛው ቦታ ሊደርስ ጣት የማይሞላ ቀርቶታል።

ስልኬን አወጣሁና ፎቶ አነሣሁት። ቅርብ አድርጌ፣ ራቅ አድርጌ። አክስቴ ሆስፒታል ተኝተው እኔ ብርሃኑ እንዲስተካከል መጋረጃ ገለጥኩ። እናቴ ስትመጣ "ይሄ አቧራ" ብላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው።

አዳዳ ድነው ሊሙ ሄዱ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ንድፌን አስተካከልኩ። መጫኛውን የሰው እጅ መጀመሪያ በሚሄድበት ቦታ አደረግኩት፤ ጣት በጨለማም እንዲያገኘው ጎድጎድ ያለ ምልክት ጨመርኩለት። አለቃዬ እንደ ልማዱ "የፈራ ሰው እጅ ያገኘዋል?" አለኝ። ፎቶዎቹን ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ አያቸው። "እንዲህ ነው ሙከራ" አለ። እሱ ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጥሎም "ማን ነው ሰውየው? ፈቃደኛ አግኝተህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ፣ አክስቴ ናቸው" አልኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ አልቻልኩም። መቀርቀሪያው ተቀባይነት አገኘ። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለህ ሲሉኝ እጃቸውን እየጨበጥኩ መሬት መሬት አይ ነበር።

ከወራት በኋላ አላስችል ሲለኝ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። "ለእሳቸውስ ነግረሃቸዋል?" አለኝ። ሊሙ ገነት ሄድኩ። አዳዳ ፊት ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የቆረጥኩትን ስልክ፣ ፎቶውን፣ ፈቃደኛ ነበሩ ማለቴን። ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

"ይሄ ሁሉ እጅ የኔ ነው?" አሉ።

"የእርስዎ ነው፣ አዳዳ።"

ቆይተው "አሁን አውሮፕላኑ ላይ ያለው ይከፈታል?" ብለው ጠየቁኝ። እንደሚከፈት፣ እጃቸው መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ እንዳደረግኩት ነገርኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "በል ተወው እንግዲህ።" አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የእናቴ ቡፌ አሁን ትልቅ የብረት እጀታ አለው። አስቀያሚ ነው፤ እናቴ ሁሌ ታማርርበታለች። በቅርቡ አዳዳ ለቀጠሮ ወደ ጅማ ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። እናቴ "አምጡ፣ ቦርሳውን ላስቀምጥልዎት" አለቻቸው። "ተዪው፣ እዚሁ ይሁን" ብለው ማንገቻውን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት።

ሳያቸው አዩኝ። እንዳይከፋኝ ብለው መሰለኝ፣ ተነሥተው እጀታውን ሳብ አደረጉና "ይኸው፣ ሰው አለ" አሉ። እናቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። በሩን ሲከፍቱትም ሲዘጉትም ግን ቦርሳው ከእጃቸው አልወረደም።

ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ። ያን ቦርሳ እንደ ድሮው ሶፋው ላይ ትተው ወደ ጓሮ ሲወጡ እስካይ ድረስ ግን ልቤ አያርፍም።